ተረካቢ ያጣው የሩሲያዋ ሹፌር

ጋሽ ድሪባ መኪናዋን ይወድ ነበር የሚባለው ውሸት ነው። አይወዳትም ነበር። ሰፈሩ ሁሉን ነገር በመቃወም ቢያውቀኝም ይህን የምለው ለመቃወም ብዬ አይደለም። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እስከ ሰልስቱ ድረስ የሰማሁት ወሬ ስለከበደኝ ነው። «ከልጁ እኩል ነበር የሚያያት።» «ከሷ ተለይቶ መኖር አይችልም ነበር።» «እሷም ታውቀዋለች፤ ሌላ ሰው ሲነካት አትነሳም።» አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ደግሞ እሱ ካረፈበት ቀን ጀምሮ መኪናዋ በሐዘን ድምጿን እንዳጠፋች ነገረኝ። ባትሪዋ ስላለቀ ነው። ባትሪ ለማንም አያዝንም፤ ካልሞሉት ያልቃል።

ድሪባ በአቃቂ በሰቃ የእድራችን ሹፌር ነበር። በእድሜ በብዙ ይበልጠኛል፤ «አንቱ» ስለው ግን «ደግሞ አንተ ታስረጀኝ? መኪናዋ አትበቃኝም?» ስላለኝ አንተ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ። ትውልዱ ከወንዙ ማዶ ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። ወጣት ሳለ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ነድቷል። ረዥም ነው፤ ግን ጋቢና ውስጥ ታጥፎ ስለኖረ ከመኪና ሲወርድም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። መፋቂያ ከአፉ አይጠፋም፤ ሰው ሲያበሳጨው ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው መልሱን ከመናገሩ በፊት ያገኘዋል።

መኪናዋ ሩሲያ የተሠራች ናት። ጋዜል የሚሏት ዓይነት፣ ከሚኒባስ ትንሽ የምትረዝም፣ አፍንጫዋ ወደ ፊት የወጣ ነጭ ቫን። ሰፈሩ በአጭሩ «ሩሲያዋ» ይላታል። ቃሊቲ ካለ አንድ ፋብሪካ በጨረታ ነው የተገዛችው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲያመላልስባት ኖሮ አርጅታ ስትሰለቸው ሸጣት። እድሩ ከኋላ ያሉትን ወንበሮች አስነቅሎ የድንኳን፣ የአግዳሚ፣ የብረት ድስትና የሬሳ መጫኛ አደረጋት።

ስለ ሩሲያ ዕቃ የሚወራውን ታውቃላችሁ። አይሞትም ይባላል፤ በመዶሻ ይጠገናል፤ ገደል ገብቶ አቧራውን አራግፎ ይወጣል። ይህን ከሚያወሩት መካከል የሩሲያ መኪና የነዳ ሰው አላጋጠመኝም። የነዳት ድሪባ እንዲህ ይል ነበር፦ «የማይሞት መኪና የለም። የሚገፋ ሰው ስላለ ነው።» በክረምት ጠዋት የምንገፋት እኛ ስለነበርን ነገሩ ገብቶናል። ያልገባን ሌላው ነው። እሱን ራሱን ማን እየገፋው እንደሚነሳ ጠይቀን አናውቅም።

ጋቢናዋ ከሹፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ያስቀምጣል። ነገር ግን ሬሳ በጫነች መኪና ማን ይሳፈራል? ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ባየ ቁጥር ድሪባ ቀስ ብሎ መስኮት ያወርዳል። አንዴ መንገድ ዳር ሆኜ ሰምቻለሁ። ከልብሷ ውኃ የሚንጠባጠብ ወጣት ሴት ነበረች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ በሰበስሽ እኮ።»

«አይ ጋሼ፣ ቅርብ ነኝ።»

«የት ነሽ?»

«ሳሪስ።»

መፋቂያው ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። «እውነትሽን ነው» አላት፤ «ቅርብ ነው። በርቺ።» መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ከአቃቂ በሰቃ ሳሪስ በእግር ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን ያህል ይረዝማል፤ በዝናብ ደግሞ አይነሳ። ልጅቷ ግን ከድሪባ ጎን ተቀምጣ ከመድረቅ በስብሳ ሳሪስ መድረስን መረጠች። አልፈርድባትም። እኔም ራሴ ከጎኑ በተቀመጥኩባቸው ጥቂት ቀናት የሚያውቁኝ ሰዎች በመስኮት አይተውኝ ሲያማትቡ አይቻለሁ።

ከዚህ የባሰው ግን መቆሚያ ማጣቱ ነበር። በሰፈራችን ሩሲያዋ በር ላይ ከቆመች ያ ቤት ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የላትም። ስለዚህ ድሪባ ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ሽንኩርት ሊገዛ ሲሄድ፣ ጥርሱን ሊታከም ሲሄድ መኪናዋን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያቆምና በእግሩ ይጓዛል። በገዛ በሩ ላይ እንኳን አያቆማትም፤ ሚስቱ ከልክላዋለች። መኪና ያለው ሰው ሆኖ በሰፈሩ ከሁሉም የበለጠ በእግሩ የሚሄደው እሱ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ጎማው ከእሱ ጋር ሳይመካከር ተነፈሰ። የተነፈሰውም ወይዘሮ አልማዝ በር ላይ ነው። የወይዘሮ አልማዝ ባል አቶ ግርማ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ድሪባ ወረደ፣ ክሪኩን አወጣ፣ ስለሞቀው ባርኔጣውን አወለቀና ጎማው ሥር ተንበረከከ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ አልማዝ ያዩትን አስቡት። ሩሲያዋ በራቸው ላይ ቆማለች፤ ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ተንበርክኳል። «ግርማዬን!» ብለው ጮኹ፤ ወደቁም።

በእኛ ሰፈር ጩኸት ሲሰማ ምን ተፈጠረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነጠላ አዘቅዝቆ መምጣት ነው። ጎረቤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። ወጣቶቹ የመኪናዋን የኋላ በር ከፍተው አግዳሚዎቹን ማውረድ ጀመሩ፤ ድንኳኑም እዚያው ተጭኖ ነበርና ምሰሶ ቆመ። ድሪባ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠ «ኧረ ጎማ ነው፤ ሰው አልሞተም፤ ጎማ ነው» ይላል። አንዱ ጎረምሳ ትከሻውን አቅፎ፣ «አይዞህ ጋሼ፣ አንተም ቻለው እንጂ» አለው።

የወይዘሮ አልማዝ ልጅ ሬሳውን መቼ እንደሚረከብ ለማወቅ ሆስፒታል ደወለ። ስልኩ ከነርሷ ወደ አልጋው ተላለፈና አባቱ ራሳቸው፣ «ምንድን ነው ጫጫታው? ማን መጥቶ ነው?» አሉት። ድንኳኑ በግማሽ ቆሞ ቀረ። አቶ ግርማ ድነው ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት ማን ለለቅሶዬ መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ነበር። እስከ ዛሬ ሰላም የማይሏቸው ሰዎች አሉ።

ሰፈሩ በዚህ ነገር ዓመት ሙሉ ሲስቅ ድሪባ አልሳቀም። «ሰውየው አለ እያልኩ ስለምናቸው አንድ ሰው አልሰማኝም» አለኝ። «እኔን አይሰሙም። የሚሰሙት እሷን ነው።» በአገጩ ወደ መኪናዋ አመለከተ። መውደድ ምን እንደሚመስል በመጠኑ አውቃለሁ። ይህ አልነበረም።

በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጫንቃዬ ውረዱልኝ ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የእድራችን ዳኛ አቶ ተክሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ መልካም ሰው፣ ድምፃቸው ግን ሁልጊዜ ባቡር ሊነሳ ነው የሚል ዓይነት። ድሪባ ተነሣና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ ተክሌ፣ እኔ ደክሞኛል። ሌላ ሰው ፈልጉና ተረከቡኝ።»

«አንተ ከደከመህ እኛማ ምን ልንል ነው?» አሉ አቶ ተክሌ። አዳራሹ ሳቀ።

«ቀልዴን አይደለም እኮ።»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን። ድሪባ እኮ ሲቀልድም ቁም ነገር ነው።» አሁንም ሳቁ። አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ሆነው መረቁት፦ «እድሜ ይስጥህ፤ እኛን ሁላችንን እስክታደርስ ያኑርህ።» ሁሉም አሜን አለ። ምርቃቱን ልብ በሉልኝ። ሁላችንንም ቀብረህ ጨርስ ማለት ነው። ለደከመው ሰው የተሰጠ መልስ ይህ ነው።

እኔ ተነሥቼ ሹፌር ይቀጠር አልኩ። «ቅጥረኛ ሬሳ አያከብርም» ተባለ። እንግዲያው አባላቱ በየተራ ይንዱ አልኩ። «አንተስ ለምን አትነዳም?» አሉኝ አቶ ተክሌ። በአንድ ዓይኔ እንደማላይ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ይህንኑ አስታወስኳቸው። «እንግዲያው ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ደክሞኛል ሲል ጉባኤው በጭብጨባ ጋቢ ሸለመው። ከአዳራሹ ስንወጣ ጋቢውን በክንዱ ላይ እንዳደረገ፣ «ደክሞኛል ስላቸው አለበሱኝ» አለ። «ጋቢ ለሚተኛ ሰው ነው። እኔን መቼ አስተኝተውኝ?»

አሁን ወንድሙ ወደ ሞተበት ቀን ልምጣ። ድሪባን የማልረሳው በዚያ ቀን ነው።

ታላቅ ወንድሙ በቀለ ወንዙ ማዶ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ በቀረችው መንደር ይኖር ነበር። አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። የእድራችን አባል ስለነበር ሲሞት ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተጫነ። ጠዋት ድሪባ ፊቱ ጠቁሮ አቶ ተክሌ ዘንድ መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ዛሬ የምነዳው እኔ አይደለሁም» አለ። «ወንድሜ ነው።»

አቶ ተክሌ ደነገጡ፤ እንደ ሰው ደነገጡ። «በእርግጥ፣ በእርግጥ። አንተማ አትነዳም» ብለው መንጃ ፈቃድ ያላቸውን አባላት አስጠሩ። ሦስት ነበሩ። አንደኛው ወገቡን ያዘው። ሁለተኛው ሚስቱ እርጉዝ ስለሆነች የሬሳ መኪና መንዳት ለሚወለደው ደግ እንዳልሆነ አስረዳ። ሦስተኛው፣ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው፣ «የሩሲያ ማርሽ እጄ አይደለም። መንገድ ላይ ባቆማት ለሟቹም ውርደት ነው» አለ። ከሦስቱም ማንም እምቢ አላለም። እምቢ የሚል ጨዋ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም።

 አቶ ተክሌ ወደ ድሪባ ዞረው አዩት። ድሪባ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጣለው። ቁልፉን አነሣ።

ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩ። ከኋላችን ሳጥኑ አለ፤ ሳጥኑ ዙሪያ የወንድሙ ልጆችና ዘመዶች ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «አባቴ!» ይላል አንዱ፤ በኦሮምኛ ስሙን እየጠራች ሙሾ የምታወርድ አንዲት አክስት አለች፤ የእሷ ድምፅ አጥንት ውስጥ ይገባ ነበር። በሁለት ወገን የሚመጡት ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች መንገዱን አጥብበውታል። ድሪባ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ያያል። አንድ ጊዜ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወዲያው ነክሶ ያዘው።

«አልቅስ» አልኩት ቀስ ብዬ። «አቁምና አልቅስ።»

«እዚህ የት ላቁም?» አለኝ። «ዓይኔ ውኃ ከሞላ መንገዱ አይታየኝም። ከኋላዬ ሰው አለ።»

ከቀብሩ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከወንድሙ ልጆች ጎን፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጡት። ሰው ተሰልፎ እግዜር ያጥናህ እያለው ያልፋል። ገና ጥቂት እንደተቀመጠ አንድ መልእክተኛ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። በወዲያኛው ቀበሌ ሌላ ለቅሶ ነበር፤ አግዳሚ አንሷቸዋል። የእድሩ ትርፍ አግዳሚ ይሂድ ተብሏል። ድሪባ ተነሣ። ሊያስተዛዝኑት የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁለት። አንዳቸውም ወዴት ነህ አላሉትም። ሲመለስ ድንኳኑ ጭር ብሎ ነበር፤ የሚያስተዛዝነው ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆመን ሳለ፣ ሳልጠይቀው፣ «በቀለን ሳላለቅስለት አደረስኩት» አለ።  

ሴት ልጁ ሌንሳ በአንድ ዳቦ ቤት የማከፋፈያ መኪና ትነዳለች። መንዳት ያስተማራት ራሱ ነው፤ በዚህችው በሩሲያዋ፣ እሁድ እሁድ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ። በሰፈሩ ከሱ ሌላ የሩሲያዋን ማርሽ እጇ ያደረገች ሰው እሷ ብቻ ናት። ፈቃዷን ያወጣች ቀን ደስ ብሎት ለሚያውቀው ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። ማታውኑ ግን እቤቱ ሆኜ ሲመክራት ሰማሁ።

«የዳቦውን ንጂ። የውኃ ንጂ፣ የጠጠር ንጂ። ይቺን ንጂ ካሉሽ ግን እምቢ በይ።»

«ሰው ቸግሮት ቢለምነኝስ አባዬ?»

«ሁሉም ቸግሮት ነው የሚለምነው። እኔንስ ሲለምኑኝ ቀልዳቸውን መሰለሽ? አንድ ቀን እሺ ካልሽ ሁለተኛ አይጠይቁሽም። ያንቺ ሥራ ይሆናል።»

ሌንሳ ሳቀች። እሱ ግን «ማይልኝ» አላት፤ አስማላት።

የሞተው አዘቦት ቀን ነው። ከቀብር ተመልሶ መኪናዋን ወፍጮ ቤቱ ጋ አቁሞ፣ በእግሩ ቤቱ ገብቶ፣ ደረቴን ከበደኝ ብሎ ተጋደመ፤ አልተነሣም። «በሥራው ላይ እንዳለ አረፈ፣ የተባረከ ሞት ነው» ተባለ። ይህንንም አልቀበልም። የደከመው ሰው ሞት ነው።

ለሱ ለቅሶ ድንኳኑና አግዳሚው የመጡት በፈረስ ጋሪ ነው። ሳጥኑን የወሰደው የኪራይ መኪና ነው። ሦስቱ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከፊት ተቀምጠው አለቀሱ፤ ከልባቸው እንዳለቀሱ አልጠራጠርም። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ ጉባኤ ተጠራ። አንደኛ አጀንዳ የድሪባን መታሰቢያ የሚመለከት ነበር። ፎቶው ትልቅ ተደርጎ ታትሞ ጋቢናዋ ውስጥ ይሰቀል ተባለ፤ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔ ሰውየውን በፎቶ ለምን እንደገና ጋቢና እናስገባዋለን፣ ስንት ለምኖ አሁን ገና ወጥቶ የለም ወይ አልኩ። 

ሁለተኛው አጀንዳ የመኪናዋ ሹፌር ነበር።  ወገቡን የሚያመው ወገቡን ያዘ። አውቶቡስ ነጂው ጣሪያውን አየ። ከዚያ ከመሐል አንድ ድምፅ፣ ደግ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ «ሌንሳ አለች አይደል እንዴ?» አለ። «የድሪባ ልጅ እኮ ናት። የአባቷን ቦታ ለማን ትለቃለች?»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሌንሳ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ያያትን አተያይ አውቀዋለሁ፤ የድሪባ ወንድም የሞተ ቀን አይቼዋለሁ።

«አባቴ እምቢ በይ ብሎኛል» አለች። «አስምሎኛል።»

አዳራሹ ሳቀ።

«አባቷን ቁርጥ!» አለ አንዱ። አቶ ተክሌ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ ሳቅ ይሁን ሐዘን እኔ እንጃ፣ «እድሜ ይስጥሽ ልጄ» አሏት። አጨበጨቡላት። ልጅቷ እንደገና ልትናገር አፏን ከፍታ ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቀች፤ ሲያበቃ አቶ ተክሌ ቀድመዋት ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያልቅ ወስነው ዘጉት። ስንወጣ እናቶቹ አንድ በአንድ እየሳሟት ጀግና ይሏታል። አንደኛዋማ ጋቢ እንደምታሠራላት ነገረቻት።

የሚቀጥለው ስብሰባ የወሩ መጨረሻ እሁድ ነው። እስከዚያ ቁልፉ አቶ ተክሌ ዘንድ ይቆያል። ማርሿ እጅ ትፈልጋለች፤ በአንድ ከሰዓት ትለመዳለች፤ ሌንሳ ራሷ ታስተምራችኋለች፣ ጠይቄያታለሁ። ስለ ድሪባ ደግነት ልትነግሩኝ አትደውሉ፤ ጠግቤያለሁ። ከእናንተ መካከል አቃቂ የሚኖር፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ካለ ከእሁዱ በፊት ይምጣና ቁልፉን ይቀበል። ለሁልጊዜ አላልኩም። በየተራ ይሁን፤ ለአንድ ቀብርም ቢሆን። ግን ኑ።